ሰባ ሦስትን የደበቁት ሰው

የሚስቴ አባት ሌይ ጆንግፉ በዚያ ዓመት ዕድሜያቸውን የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ እጁን እንደከተተ ሌባ ነበር የሚያዩት። "ሰባ ሁለት!" ይላሉ በቁጣ። ባለፈው ዓመትም ሰባ ሁለት ነበሩ። እኛ ቾንግቺንግ የምንኖር ሰዎች ነገሩ ይገባናል፤ "ሰባ ሦስትና ሰማንያ አራት፣ ያንዋንግ ባይጠራህም በእግርህ ትሄዳለህ" ይባላል። ያንዋንግ የሙታን ንጉሥ ነው፤ ከእነዚህ ሁለት ዕድሜዎች ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ስለዚህ ብልህ ሰው ዓመቱ እስኪያልፍ ዕድሜውን ይደብቃል። ሚስቴ ሹፈን ደግሞ በዓመቱ መግቢያ ላይ የሚፈራገጥ ዓሣ ገዝታ ለአባቷ ሠራችላቸው፤ ዓሣው እንደሚዘል እሳቸውም ዓመቱን እንዲዘሉት። እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም። ቢሆንም ምን አገባኝ ብዬ ዓሣዬን በላሁ።

ሰውየው ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ከወደቡ እስከ ላይኛው ከተማ ያለውን ደረጃ በቀርከሃ ዱላ ሸክም ሲያወጡበት የኖሩ፣ ፍሪጅ ተሸክመው እየዘፈኑ የሚወጡ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ከቤት መውጣት እንኳ ፈሩ። ሊፍት አይገቡም፤ ቢበጠስስ? መንገድ አይሻገሩም። ዓሣውንም ሹፈን እሾኹን ለቅማ ካልጨረሰች አይነኩትም። ጠዋት ጠዋት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የልባቸውን ምት ሲያዳምጡ አገኛቸዋለሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እትዬ ሱዩን ከገጠር መጡ። የአማቼ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉ፣ በረሃቡ ዘመን ከራሳቸው አፍ ቀንሰው ያጎረሱ ሴት። ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰማንያ አራት።

"ከተማውን ሳላይ አልሞትም" አሉ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ። "ያ ፎቅ ቤት ሆድ ውስጥ የሚገባው ባቡር፣ ደግሞ ያ በገመድ ተንጠልጥሎ ወንዝ የሚያሻግረው መኪና። ነገ አሳዩኝ።"

"እትዬ፣ አዲሱ ዓመት ይግባና..." አሉ አማቼ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

"አዲሱን ዓመት ማን አይቶት! አንተ ቡችላ፣ የፈራ ይመለስ። እዚሁ ቁጭ ብለህ ዓሣህን ብላ።"

ቡችላ የልጅነት ስማቸው ነው፤ ክፉ መንፈስ ንቆ እንዲተዋቸው የወጣላቸው። እህታቸውን ብቻቸውን መልቀቅ ግን አልሆነላቸውም። በማግሥቱ ማልደው ተነሥተው፣ ክፉ ነገር እንዲከለክልላቸው ቀይ መቀነት ታጥቀው በሩ ላይ ጠበቁን።

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ከተማ ዞሮ የማያውቅ አይፍረድብኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ታክከው ነው የሚሄዱት። ቁርስ ላይ ምላስ የሚያደነዝዘውን ኑድላችንን እሳቸው አልቀመሱትም፤ የእህታቸውን አፍ አፍ እያዩ "ቀስ በይ፣ ያንቅሻል" ሲሉ ምግቡ ቀዘቀዘ። ባቡሩ ፎቁ ውስጥ ሲገባ እትዬ ሱዩን እንደ ልጅ አጨበጨቡ፤ አማቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ። በኋላ ግን ፍርሃታቸው ተጋባብኝ። ከላይ የአበባ ማሰሮ የሚወድቅ፣ ከኋላ ሞተር ብስክሌት የሚገጨን እየመሰለኝ እኔም ግራ ቀኝ ማየት ጀመርኩ።

በገመድ የሚንጠለጠለው ኬብል ካር በር ላይ ቲኬት የምትሸጠው ልጅ "አባባ፣ ለአረጋውያን ቅናሽ አለን፤ ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለቻቸው።

"ሰባ ሁለት! ቅናሽሽን አልፈልግም፣ ሙሉውን እከፍላለሁ።"

"እማማስ?"

"ሰባ አምስት!" አሉ፣ እህታቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

"ኧረ አንተ ቀጣፊ!" እትዬ ሱዩን ሳቁ። "የቀረውን ዕድሜዬን የት ጣልከው?"

አማቼ የእህታቸውን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ።

መኪናዋ ውስጥ ተጨናንቀን እንደቆምን ጉዞ ጀመርን። ወንዙ መሃል ስንደርስ ነፋስ መጣ። መኪናዋ አንዴ ተንገጫገጨችና ቆመች፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ጀመር። ከታች ጭጋግ ብቻ ነው፤ ውሃው አይታይም። "ነፋሱ እስኪያልፍ ነው፣ አትንቀሳቀሱ" አለች ሠራተኛዋ፤ የራሷም ድምፅ ግን ደርቋል። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው አልኩ በልቤ። ሹፈን ክንዴን በጥፍሯ ጨምድዳ ይዛዋለች።

የእትዬ ሱዩን ፊት ደም ጠፋበት። "ቡችላ፣ መጣ መሰለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ለእኔ ነው። ሰማንያ..."

አማቼ አላስጨረሷቸውም። ከተሳፈሩ ጀምረው የሙጥኝ ያሉትን ብረት ለቀቁ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጭጋጉ አዞሩና ድሮ ወደብ ላይ "መንገድ!" እያሉ በሚጮኹበት ድምፅ ጮኹ።

"ሌይ ጆንግፉ ነኝ! ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው! ሰባ ሦስት! ያንዋንግ፣ ዓመቱን ሙሉ ስዋሽህ ነው የከረምኩት። የምትፈልገው እኔን ነው፤ እሷ ገና ሰባ አምስቷ ነው!"

"ዝም በል!" እህታቸው ጀርባቸውን በጡጫ መቷቸው። "እንዳትሰማው! እሱ ሰባ ሁለት ነው፤ ሰማንያ አራቷ እኔ ነኝ!"

"ሰባ ሦስት!"

"ሰማንያ አራት!"

ወጣቶቹ "አበዱ እንዴ?" እየተባባሉ ስልካቸውን ደገኑባቸው። አብረውን የተሳፈሩት ሽማግሌዎች ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ገብቷቸዋል። ሹፈን ታለቅሳለች። እኔ፣ የማላምነው ሰውዬ፣ በልቤ "እባክህ ማንንም አትውሰድ" እል ነበር።

ነፋሱ አለፈ። መኪናዋም ተንቀሳቅሳ ማዶ አደረሰችን። የአማቼ ሱሪ ርሶ ነበር፤ ሰው እንዳያይባቸው ኮቴን አልብሼ አወጣኋቸው። በድልድዩ በኩል በታክሲ ስንመለስ እህትና ወንድም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ።

እትዬ ሱዩንን ወደ ገጠር ከሸኘን በኋላ ሰውየው በር ዘግተው የሚቀመጡ መስሎን ነበር። ተሳስተናል። በነጋታው ገበያ ወርደው ጎመን ሻጯን፣ ሳትጠይቃቸው፣ "ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው" አሏት። ለዘበኛው ነገሩት፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነገሩት፣ ሊፍት ውስጥ ላገኙት ሁሉ ነገሩ፤ ሙሉ ስማቸውንና የምንኖርበትን ፎቅ ጭምር። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ በተናገሩ ቁጥር መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ።

"አባባ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ምን ቀረው? አሁን ይኼ ለምን አስፈለገ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"የእትዬ ቤት ሩቅ ነው" አሉኝ። "እኔን እዚህ በቅርብ ካገኘኝ፣ እዚያ ድረስ ምን ያደክመዋል?"