የወንድሙን ሸህናይ የሸጠው ድምፅ ያዥ

ኢኽላቅ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ድምፅ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ነዚር በሰርግ ቤት ደጃፍ ሸህናይ የሚባለውን የህንዶች የእንጨት መለከት ሲነፋ፣ እሱ ከጎኑ ተቀምጦ በሌላ ሸህናይ አንዲቷን ድምፅ ብቻ፣ ሳይቆርጥ፣ ከዜማው ሥር ያነጥፍለት ነበር። ጉንጩን እንደ አቁማዳ ወጥሮ፣ በአፍንጫው እየሳበ በአፉ እየለቀቀ፣ ሙሽራው ከፈረስ እስኪወርድ ድረስ ያቺው አንዲት ድምፅ። "አበጀህ!" የሚባለው ነዚር ነው። የአበባው ጉንጉን የሚጠለቀውም ለነዚር ነው። ኢኽላቅን ልብ ብሎ የሚያየው ቢኖር፣ "ሰውዬው አይፈነዳም እንዴ?" እየተባባለ የሚስቅ የሰፈር ሕፃን ብቻ ነው።

ይህን ቦታ የሰጣቸው አባታቸው ነበር። ታላቁ ዜማውን፣ ታናሹ ድምፁን። ኢኽላቅ ግን ጆሮ ነበረውና ወንድሙ የሚነፋውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ድምፁን ይዞ በተቀመጠበት እንኳ የእግሩ ጣቶች በጫማው ውስጥ የዜማውን መንገድ ይከተላሉ። ጎረምሳ ሳለ አንድ ቀን ከሰርግ ሲመለሱ፣ ከጋንጅስ ወንዝ ደረጃ ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ደፈር ብሎ ጠየቀ።

"ጋሼ፣ አንድ ቀን እኔ ዜማውን ልሞክረው?"

ነዚር አልተቆጣም። ውሃውን እያየ፣ "እኔ በዜማው የፈለግሁበት የምዞረው አንተ ቤት ስለምትጠብቅልኝ ነው" አለው። "ሁለታችንም ከወጣን የምንመለሰው የት ነው?"

ኢኽላቅ ዳግመኛ አልጠየቀም። እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይጠየቃል? ደስም ብሎት ነበር፣ ከፍቶትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ራሱም ለይቶ አያውቅ።

እያደር የከተማቸው የባናራስ ሰርግ ተለወጠ። መብራት በመብራት የሆነ የጭነት መኪና ግድግዳ የሚያህል ድምፅ ማጉያ ጭኖ መጣ፤ ደረት የሚደልቅ፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ። ካሉ የሚባለው ከበሮ መቺያቸው መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ አማው፣ በመጨረሻ እዚያው መኪና ላይ የማጉያ ገመድ ጠቅላይ ሆኖ ተቀጠረ። ነዚርም ደረቱን ታመመ። መንፋት ሲያቅተው ሸህናዩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቀዳዳዎቹን በጣቱ ብቻ እየደፈነ እየከፈተ ይውላል። በክረምቱ ብርድ፣ ጉም ከተማውን በዋጠበት ሰሞን፣ አረፈ።

ኢኽላቅ ሚስቱ በወጣትነቷ ሞታበት ከወንድሙ ቤት ጓዳ ነበር የሚኖረው። ከሐዘኑ በኋላ የነዚር ሚስት ሱግራ፣ ሱራት ከተማ ያለችው ልጇ "እኔ ጋ ነይ" ስላለቻት ቤቱን ለአከራዩ ልትመልስ ሆነ። ሁለቱ የነዚር ሸህናዮች፣ ጥንዶቹ ትንንሽ ከበሮዎችና ማይክሮፎኑ ከነማጉያው ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

"ሽጣቸው" አለችው።

"እኔ ጋ ይቀመጡ እንጂ፣ እትዬ።"

"አንተ ጋ ምን ሊሆኑ? በምስጥ ሊበሉ? የሰው ትንፋሽ የለመዱ ናቸው፤ ሰው አፍ ይግቡ። ለሚነፋቸው ስጥልኝ፣ ኢኽላቅ፤ ሌላ ምንም አልልህም።"

እሱም ሁሉንም በሪክሾ ጭኖ፣ የራሱንም ሸህናይ በብብቱ ይዞ፣ ዳልማንዲ ገበያ ወደሚገኘው የኬዳር ሱቅ ወረደ። ኬዳር አሮጌ መሣሪያ እየገዛ፣ እየጠገነ የሚሸጥ ቦርጫም ሳቂታ ሰው ነው፤ ወንድማማቾቹን ከልጅነት ጀምሮ ያውቃቸዋል። ዕቃውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

"እሱም ቀረ፣ እነዚህም መጡ" አለ ቀስ ብሎ። "ተቀመጥ እስቲ። ሻይ!" ብሎ ወደ ውጭ ጮኸ።

ማጉያውን ነካካው፤ ሠራ። ከበሮዎቹን መታ መታ አደረጋቸው። የኢኽላቅን ሸህናይ አንስቶ ሲያገላብጥ ቀዳዳዎቿ በሰም የተደፈኑ ናቸው።

"ይቺንስ ውሰዳት፣ ወንድሜ። አንድ ድምፅ ብቻ ያላትን ማን ይገዛኛል? ዛሬ ሰው የሚገዛው ሶኬት ላይ የሚሰካውን ነው።" ከዚያ የነዚርን ትልቋን ሸህናይ አቀበለው። "አለመሰንጠቋን ልወቅ። በል ንፋት።"

"እኔ?"

"ታዲያ እኔ ልንፋት? በዚህ ቦርጭ?"

ኢኽላቅ የሸምበቆውን ምላስ በምራቁ አራሰና ከንፈሩ ላይ አደረጋት። ነዚር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚነፋውን ዜማ ጀመረ። ጣቶቹ አንድም አልሳቱም። ድምፁ ግን በባዶው ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሄደ፤ ከሥሩ የሚቀበለው የለም። ጥቂት እንደተጓዘ አቆመ።

"ምነው? ተሰንጥቃለች?"

"አልተሰነጠቀችም።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

"የሚይዝልኝ የለም" አለ ኢኽላቅ።

ኬዳር ጎንበስ አለ። ከባንኮኒው ሥር አቧራ የጠጣ ሃርሞኒየም ጎትቶ አወጣ፣ ባንድ እጁ ወናፉን እየገፋ በሌላው አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ድምፁ አልገጠመም። ቀጣይዋን ሞከረ። ኢኽላቅ ራሱን ነቀነቀለት፤ ኬዳርም ያቺን ይዞ ቆየ።

ኢኽላቅ ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚያች ድምፅ ላይ ቆሞ ወጣ፣ ራቀ፣ ወንድሙ ይዘገይበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ እሱም ዘገየ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሻይ ይዞ የመጣው ሰው ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ዜማው ሲያልቅ የኬዳር ዓይን ቀልቶ ነበር።

"እስከዛሬ የት ነበርክ?" አለው።

"እቤት ነበርኩ።"

"አትሽጣት እንግዲህ። ይዘሃት ሂድ።"

"ይዣት ሄጄ ምን ላድርግ፣ ኬዳር? ብቻዬን አይሆንም፤ አየኸኝ አይደል። ለሚነፋ ሰው ሽጥልኝ፤ እትዬ ያለችው እንደዚያ ነው።"

ኬዳር እሺ አለ። ከልቡም ነበር። ግን ወራት አለፉ፣ የሚነፋ አልመጣም፣ የሱቁ ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። በመጨረሻ ከወንዙ ዳር ላለ አዲስ ሆቴል ሁለቱንም ሸህናዮች ሸጣቸው። የሆቴሉ ሰዎች የሸህናዮቹን ወገብ በመሰርሰሪያ በስተው፣ አጠላልፈው በብሎን ምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው። ኬዳር ራሱ መጥቶ ነገረው፤ ዓይኑን እያሸሸ። ኢኽላቅ አልወቀሰውም። አንድ ቀን በሆቴሉ በኩል ሲያልፍ በመስታወቱ ውስጥ አያቸው፤ ዘበኛው "ምን ፈለጉ አባት?" ሲለው "ምንም" ብሎ ሄደ።

ያን ጊዜ ከአጎቱ ልጅ ዘንድ ተጠግቶ ለሽመና የሚሆን ሐር ያጠነጥን ነበር። በኢድ ማግስት ሱግራ ከሱራት ደወለች። ስለ ጤናው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቃው ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ማን ገዛቸው?"

ኢኽላቅ ክሩን ከጣቱ ላይ ፈታ።

"አንድ ተማሪ ልጅ፣ እትዬ።"

"ጎበዝ ነው?"

"ገና ነው። ትንፋሽ ያጥረዋል።"

ሱግራ ሳቀች፤ ነዚር ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው። "ወንድምህም ሲያገባኝ እንደዚያው ነበር እኮ። አደራህን፣ አልፎ አልፎ እየሄድክ ስማው። አይዞህ በለው።"

"እሺ፣ እትዬ። እለዋለሁ።"