ድንጋይ የሚሸከም ካውቦይ

የካውቦይ ጨዋታ እሰበስባለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። በኮምፒውተር የሚጫወቱት አይደለም። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ሲተርክ፣ ሌሎቹ ሸሪፍ፣ ሽፍታ ወይም ከብት ነጂ ሆነው በአፋቸው የሚጫወቱት፣ ነገር ሲከር ደግሞ ዳይስ ወርውረው የሚለዩበት ነው። ቤቴ ዘጠኝ ዓይነት አለኝ። የማወዳድራቸው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው የገደለ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? በአንዱ ዝናው ይጨምራል። በሌላው ሸሪፉ ያሳድደዋል። በሌላው ካርታ ይስባል፤ ዕድል ከቀናው ምንም አይሆንም።

ባለፈው ወር ይማም የሚባል የሐይቅ ከተማ ሞባይል ጠጋኝ በቴሌግራም የአንድ ደብተር ገጽ ፎቶ ላከልኝ። ከጦርነቱ በፊት እሱና ሦስት ጓደኞቹ ውጫሌ ላይ ራሳቸው የሠሩት የካውቦይ ጨዋታ ነው። ቴክሳስን አምባሰል፣ መጠጥ ቤቱን ጠጅ ቤት፣ ሸሪፉን ጭቃ ሹም አድርገውታል። አሥረኛዬ ተገኘ ብዬ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቅሁ።

ሐሙስ፣ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ በንጋት የተነሳው አውቶቡስ ደሴ የጣለኝ አመሻሽ ላይ ነበር፤ ወገቤ ተቆርጧል። እዚያው አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ አስወርደው ፈተሹን። ሁለተኛው ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ያሉትን ዳይሶች ያየ ፈታሽ “ቁማርተኛ ነሽ እንዴ?” አለኝ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀብኝ።

ይማም ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሐይቁ ዳር ወስዶ ቆሮሶ ጥብስ አዘዘልኝ። ትኩስ አሳ በሚጥሚጣ፣ ከፊት ለፊት ጸጥ ያለ ውሃ፤ እኔ እንደ ጉድ እበላለሁ፣ እሱ አጥንቱን ይለቅማል እንጂ አይጎርስም።

“ደብተሩስ?” አልኩት።

“እኔ ጋ የለም እህቴ፤ የላክሁልሽ ፎቶ የድሮ ነው። ደብተሩ የጓደኛችን የሲሳይ እናት ጋ ነው፣ ውጫሌ። ሲሳይ በጦርነቱ ጊዜ ደጃቸው ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሞተ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ዓረብ አገር ናቸው።”

“ታዲያ አብረን እንሂዳ!”

እጁን ከትሪው አነሳ። “ለቅሶ አልደረስኩም” አለ።

ደነገጥኩ። እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ መቃብር በሚቆፍርበት አገር የልብ ወዳጅ ለቅሶ ሳይደረስ አራት ዓመት!

“ምነው? ተጣልታችሁ ነበር?”

“ወላሂ አልተጣላንም። ሆድ ይፍጀው” አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ዓርብ፣ ውጫሌ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ መንገዱ ይጠማዘዛል። የአምባሰል ገደል አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ብቅ ይላል፤ እርሻው ላይ ማሽላው ቆሟል። ከመነኻሪያው የያዝኩት ባጃጅ የሲሳይ እናት እትዬ የሺ ደጅ አደረሰኝ። የቆርቆሮ በራቸው ወንፊት ሆኗል፤ ቀዳዳዎቹን በዘይት ጣሳ ቁራጭ ለጥፈዋቸዋል።

እትዬ የሺ የመጣሁበትን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። “ያ የፈረንጅ ሽፍታ ጨዋታ ነዋ! አራቱም የሚንጫጩት እዚችው ቤት ነበር። በረመዳን ለይማም ማፍጠሪያ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።”

ደብተሩን ከሣጥን አወጡት፤ በሲሳይ ሸሚዝ ተጠቅልሏል። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ሰው የገደለ ተጫዋች ዳይስ አይነካም። በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ደጅ ይቆማል። የሟች ቤተሰብ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ድንጋዩን እስኪያወርድለት ጨዋታው አይቀጥልም።”

 ዘጠኙ ጨዋታዎቼ ውስጥ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ለማን እንደምነግር ጨነቀኝ፤ ስልኬን አውጥቼ “ፎቶ ላንሳው?” አልኳቸው።

“አይሆንም ልጄ። ይሄ የይማም የእጅ ጽሑፍ ነው። ራሱ መጥቶ ከእጄ ይቀበል፤ ከዚያ ለፈለገው ይስጥ።”

ወጥቼ ደወልኩለት። እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ለእሳቸውም ለእሱም አዝኜ አይደለም፣ ደብተሩን ፈልጌ ነው። “ሴትዮዋ እየጠበቁህ ነው፤ ሰው አይደለህም እንዴ?” እስከማለት ደረስኩ።

 “እሺ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ ይጠብቁኝ በያቸው” አለኝ።

ስነግራቸው እትዬ የሺ ደረታቸውን ይዘው መደብ ላይ ተቀመጡ።

ቅዳሜ፣ እዚያው

ሆቴል አድሬ ጠዋት ስመለስ ግቢው ተጠርጓል፤ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ተዘርግቷል። እትዬ የሺ ካወለቁት የቆየውን ጥቁር ቀሚስ መልሰው ለብሰዋል። የሲሳይ ፎቶ ወንበር ላይ ነው። አምስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል፤ ለቅሶ የሚደርስን ሰው ብቻዋን አትቀበልም ብለው። እኔ ምን አውቄ! አንድ ስልክ ደወልኩ እንጂ ሐዘን የማስቀምጥ መች መስሎኝ?

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ወደ በሩ እንዞራለን። ስልኩ መጀመሪያ ይጠራል አይነሳም፤ በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። እመት ዘሃራ የሚባሉ ጎረቤት “አብሽሪ የሺ፣ መንገድ ይዞት ነው” ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። አሥር ሰዓት ላይ ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሱ። እመት ዘሃራም “አላህ ያጥናሽ” ብለው ወጡ።

ሁለታችን ስንቀር እትዬ የሺ ተናገሩ። “ሲሳይ የሞተ ቀንም እንዲሁ ነው። አገሩ ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ እኛም ጓዛችንን ሸክፈን ነበር። ይማም ደውሎ ‘ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ’ አለው። ልጄ ደጅ ቆሞ ጠበቀው።”

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! “ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ” አልኩ።

“አንቺ ምን አደረግሽ? መንገድ ተዘግቶበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የራሱም እናት ነበረችበት። እኔ ድንጋይ ተሸከም መች አልኩት? አብሮኝ ያልቅስ ነው ያልኩት።”

ደብተሩን በሸሚዙ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ መለሱት።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ሐይቅ ስደርስ የይማም ሱቅ ተዘግቷል። ጎን ያለው ልብስ ሰፊ “ትናንት በማለዳ ነጭ ለብሶ መነኻሪያ ድረስ ሄዶ ነበር። ተመልሶ መጣና ቆለፈው” አለኝ። ልቆጣ ነበር የወረድኩት፤ ቁጣዬ እዚያው ቀረ።

ቤቴ ገብቼ ዘጠኙን ሣጥኖች ሳያቸው አፈርኩ። ስንት ዓመት እንደ እንቆቅልሽ የተጫወትኩበትን ጥያቄ በቁሙ የሚኖረውን ሰው አግኝቼ፣ ለመደርደሪያዬ ብዬ ገፋሁት። በእሱ ላይ ያደረስኩትን ባላውቅ፣ በእናቲቱ ላይ ግን ለቅሶ አስቀምጬ በትኜ መጣሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይሄንኑ ነው፤ የሰው ሐዘን በር በስልክ አይንኳኳም።

ሰኞ ይማም በቴሌግራም ጻፈልኝ፤ “ደብተሩን ሰጡሽ?”

“አልሰጡኝም” ብዬ መለስኩለት። “መንገድ እንደተዘጋብህ ያውቃሉ። አብሮኝ ያልቅስ ነው ያሉት።”

ማንበቡን አየሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ አልመለሰም። ደብተሩን መፈለግ ትቻለሁ። ስልኬን አሁንም በየማለዳው የምከፍተው “ደረስኩ” የሚል ቃል ፍለጋ ነው።