ጊዘላ ክራትኪ ጨለማ ውስጥ የቆጠረችው

ጊዘላ ክራትኪ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ጓንት በጥቁር ክር ስትሰፋ ኖረች። ይህን ስራ የሰራ ሰው ወይ ይታወራል ወይ ዓይኑ የድመት ይሆናል። የእሷ የድመት ሆነ። ፋብሪካው ሲዘጋ እዛው ቪየና፣ አቶም የሚሰባብሩ ሰዎች ዘንድ ወለል አጣቢ ሆና ገባች። አቶም አይታይም፤ ስብርባሪው ግን ይታያል ይላሉ። የተማረ ሰው ካለ ምን ይደረጋል።

የሰባሪዎቹ አለቃ ዶክተር አዴልሃይድ ሌርች ናት። በዚያ አገር ይህን ስራ የጀመረችው እሷ ናት፤ ስትሄድ ትሮጣለች፣ ስትበላ ቆማ ነው፣ ቀሚሷን አሲድ በሳስቶታል። ራዲየም ከሚባል ማዕድን የሚወረወረው ጥይት አቶሙን ይመታዋል፤ ስብርባሪው ዱቄት የተቀባ መስታወት ላይ ሲያርፍ ብልጭ ይላል። ብልጭታውን ሰው በማይክሮስኮፕ እያየ ይቆጥራል። መጀመሪያ ግን ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ማለት ነው፣ ዓይን እስኪነቃ።

አንድ ቀን ጊዘላ ባልዲዋን ይዛ ጨለማው ክፍል ገባችና፣ ያቺ መስታወት አሁንም ትጠቅሳለች እኮ አለች። ቆጣሪዎቹ ምንም የለም ብለው ትተዋት ወጥተው ነበር። ዶክተር ሌርች ተመልሳ ብታይ እውነትም ትጠቅሳለች። በማግስቱ ለጊዘላ በባልዲው ፋንታ ወንበር ተሰጣት። ከሁሉ በላይ የተደሰተው ጉልበቷ ነው።

ታዲያ ዶክተር ሌርች ደግ ሰው ናት። ቆጣሪዎቿ ግራ እንዳይገባቸው፣ ሁልጊዜ ከመጀመራቸው በፊት፣ "ልጆች፣ ዛሬ በደቂቃ አርባ ግድም ነው የምንጠብቀው" ትላቸዋለች። አርባውም ይገኛል። መጽሔት ላይም አወጣችው። እንግሊዝ አገር ያሉ አቶም ሰባሪዎች ግን እኛ ብንቆጥር አርባ የሚባል ነገር የለም ብለው ጻፉ። ሶስት ዓመት በደብዳቤ ተሰዳደቡ፣ በጣም በጨዋነት። በመጨረሻ ሚስተር ኤልፊክ የሚባል ረዥም ሰውዬ በዓይኔ ልየው ብሎ ከእንግሊዝ ድረስ መጣ።

ያን ቀን ላቦራቶሪው ሰርግ ቤት መሰለ። ዋናዋ ቆጣሪ ትሩዴ ፀጉሯን ተሰርታ መጣች፤ ጨለማ ውስጥ ማን ሊያይላት እንደሆነ እንጃ። "ፍራው ክራትኪ፣ ዛሬ ደግሞ እንዳያዋርዱን" አለቻት።

ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ዶክተር ሌርች አርባዋን ተናገረች። ሚስተር ኤልፊክ ራዲየሙ አጠገብ ልቁም ብሎ ለመነ፤ እንግዳ ነው፣ ተፈቀደለት። ትሩዴ አየችና አርባ አንድ አለች። ተራው የጊዘላ ሆነ። አየች። ዓይኗን አሽታ ደግማ አየች። ድፍን ጥቁር። አርባ ካለች ወንበሩ የእሷ ነው፣ የለም ካለች ደግሞ ወደ ባልዲው።

"ስንት?" አለች ዶክተር ሌርች።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ማለት ምንም ነዋ፣ ፍራው ዶክተር። ጓንት ፋብሪካም አለቃችን ጠዋት ጠዋት አርባ ጥንድ ይለን ነበር። እሱ ስላለ አርባ ሆኖ አያውቅም።"

ትሩዴ ሳቀችና ባልዲው ደረጃው ስር እንዳለ አስታወሰቻት። ይሄኔ ሚስተር ኤልፊክ ጉሮሮውን ጠረገ። በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ራዲየሙ ፊት ወፍራም ብረት ጋርጄ ነበር አለ።

ሳቁ ተቆረጠ። ትሩዴ፣ አይቻለሁ እኮ፣ በእናቴ አይቻለሁ እያለች ማልቀስ ጀመረች። አልዋሸችም። አርባ የተባለ ዓይን አርባ ያያል።

ዶክተር ሌርች ትወድቃለች ብለው ሲጠብቁ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። "ያንን ብረት ያንሱት! አሁኑኑ!"

ብረቱ ተነሳ። ጊዘላ ቆጠረች፤ ስድስት። ደገመች፤ ሰባት። ሚስተር ኤልፊክ ራሱ ተጎንብሶ ቆጠረ፤ ስድስት። እስቲ አንዴ ልድገም አለ፤ አሁንም ስድስት። አቶሙ እየተሰበረ ነው! አርባ አይሁን እንጂ እየተሰበረ ነው። ዶክተር ሌርች ጊዘላን አቅፋ ወንበር ገለበጠች፤ ሚስተር ኤልፊክንም በጨለማው ጥምጥም ብላ ሳመችው። ትሩዴ መስሏት ነው ተብሎ ታለፈ።

የሶስት ዓመቱ ደብተር በሙሉ ውድቅ ሆነ። ዶክተር ሌርች ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሏት፣ ዛሬውኑ ሁሉንም እንደ አዲስ እንጀምር አለች፤ ከየትኛው አቶም ብንጀምር ይሻላል?

"ከየትኛው እንደሆነ ለኛ አይንገሩን" አለች ጊዘላ ወንበሯን እያስጠጋች። "ትሩዴ፣ አንቺም ነይ ተቀመጪ። እርስዎ ግን፣ ፍራው ዶክተር፣ ውጭ ይጠብቁን።"

በሩ ተዘጋ። ያቺ ስንት አቶም የሰበረች ሴትዮ፣ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ባል ኮሪደሩ ላይ ስትንጎራደድ ዋለች።