ከፍርስራሹ ያመጣሁት መዝጊያ

ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆለፈብኝ ኅዳር ውስጥ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ግቢው ውስጥ ያሰጣሁትን በርበሬ ላስገባ ብዬ ከጓዳ ተነሣሁና መዝጊያውን ሳብሁት፤ አልከፈት አለኝ። እርጥበት ያሳበጠው መስሎኝ በሁለት እጄ ጎተትሁት። ተቆልፏል። ቁልፉ ደግሞ ከውስጥ፣ ግድግዳው ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። የምኖረው ብቻዬን ነው። ሌላ ቁልፍ የለኝም።

ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት የድሮ ቁልፍ ስለሆነ ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ወዲያ ማዶ ያላለቁት ቤቶች ፌሯቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ቆመዋል፤ ክፍት በቀረው መስኮታቸው ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል። በርበሬው እንዳለ ነው፤ አንድም ፍሬ አልተነካም። ሌባ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ሌባ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል።

ቤቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ዘንዘልማ ነው፣ ሁለት ክፍል። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ሌሎች ቤቶች ሲፈርሱ በተረፈ ነገር የተሠራ ነው፤ ይህን የምለው በኩራት ነው። ሐይቁ ዳር፣ ፎቅ ሊሠራ አሮጌ ቤቶች በሚፈርሱበት ቦታ የቀን ሥራ እሠራለሁ። መጀመሪያ ውኃ አመላላሽ ነበርሁ። መኪናው ፍርስራሹን እየጫነ ደንገሉ ውስጥ ሲገለብጠው ባየሁ ጊዜ ግን ፎርማኑን ያዝሁት።

«እማማ፣ ጣና ትልቅ ነው፤ በዚህ አይሞላም» አለኝ።

«ያንተም ሆድ ትልቅ ነው፤ ድንጋይ ስትበላበት ግን አላየሁም» አልሁት።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና «በሉ እንግዲያው፣ የሚጠቅመውን እርስዎ ይምረጡት» አለኝ። አፌን ያስያዘኝ መስሎት ነው።

መረጥሁት። የተጣመመ ሚስማር በመዶሻ አቀናን። የተሰባበረ ብሎኬት አድቅቀን ወለል ሥር ሞላንበት። ደህናው ጣውላ ለአርማታ ሥራ ተመልሶ ዋለ፤ የተቀዳደደው ቆርቆሮ አጥር ሆነ። መኪናው ወደ ሐይቁ መመላለሱን ቀነሰ። ለሥራው የማይሆነውን ሠራተኛው ይውሰድ ሲባል ደግሞ የፎርማኑ ዘመዶች ጥሩ ጥሩውን መልቀም ጀመሩ። በዚህም ተጣላሁ፤ በዕጣ ይሁን አልሁ። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጠጠር ቆብ ውስጥ ጥለን ዕጣ ወጣ። ለእኔ የደረሰኝ ይህ የዋንዛ መዝጊያ ነው፣ ከነመቃኑ፣ ከነቁልፉ። አረንጓዴ ቀለሙ ተላልጧል። አናቱ ላይ ካለች ሚስማር የደረቀ እንግጫ ታስሯል፤ አንዲት ልጅ ለእንቁጣጣሽ ያሰረችው ይሆናል። አልፈታሁትም።

በዚያ የፍርስራሽ ክምር መሀል መሥራት ቀን ላይ ምንም አይደለም። ሲመሽ ግን ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ቋ፣ ቋ ይላል፤ በላዩ ሰው የሚራመድበት ይመስላል። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የግድግዳ ቁራጭ አገኘሁ። ቀሪው በጭስ ጠቁሯል፤ ሥዕል ተሰቅሎበት የኖረው ቦታ ግን መሀሉ ላይ በአራት ማዕዘን ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ያን ቁራጭ ፊቱን ወደ መሬት ገለበጥሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ተቆለፈብኝ። ከዚያም እንደገና። ሁልጊዜ ሰማዩ ሊጠቁር ሲል፣ እኔ ጓዳ ራት ስሠራ ነው። ጎረቤቴ ሰምታ ጠበል አመጣችልኝ፤ መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች ረጨሁት። በማግሥቱ ተቆለፈ።

«ጠበሉ አንሶ ይሆን?» አለችኝ።

«ማነሱን እንጃ፤ ቁልፍ የሚይዝ ሰይጣን ግን ሰምቼ አላውቅም» አልኋት።

የጎዳኝ ለልጄ መንገሬ ነው። ልጄ ባሕር ዳር ቢሮ ትሠራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ከተማ ነው። እስክጨርስ ሰማችኝና እጄን ያዘችኝ። አያያዟን አልወደድሁትም፤ በሽተኛ ነው እንደዚያ የሚያዘው።

«እማዬ፣ ራስሽ ከውስጥ ቆልፈሽ፣ ቁልፉን ሰቅለሽ፣ ረስተሽው ነው።»

«እኔ?»

«ሰው እኮ በዚህ ዕድሜ ይረሳል። ብቻሽን መኖሩ ይቅርብሽ፤ ቤቱን እናከራየውና እኔ ዘንድ ነይ።»

«ቤቴን?»

«አንድ ጊዜ ደግሞ ተቆለፈብኝ ብትዪኝ፣ መኪና ይዤ መጥቼ ዕቃሽን ነው የምጭነው።»

የምትቀልድ አልነበረችም። ይህን ቤት ያቆምሁት ሚስማሩን ሳይቀር በእጄ አቅንቼ ነው፤ ለቅቄው የልጄ ሳሎን ውስጥ መተኛት አልፈልግም። ከሁሉ የባሰው ግን እሷ እንዳለችው ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ነው። ቁልፉን ሰቅዬ መልሼ መላልሼ አየው ጀመር። ሳላዝዘው ይቆልፍ እንደሆነ ብዬ እጄንም አየው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አላስሄድኋትም። «ቁልፉን አንቺ ያዢ። መብራት አታብሪ። ተቀመጪ» አልኋት።

ስልኳን እየነካካች ተቀመጠች። ውጭ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ ጸጥ አለ። ቆይቶ ቀስ ያለ እርምጃ መጣ፤ ነጠላ ጫማ መሬት ሲጎትት ይሰማል። ደጃችን ላይ ቆመ። እጅ መዝጊያውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፣ ሰው የላሙን አንገት እንደሚያሻሸው። ቁልፍ ገባ። ዞረ።

«ደህና እደሩ ልጆች» አለ አንድ ድምፅ ከእንጨቱ ማዶ።

የልጄ ጥፍር ክንዴ ላይ ተተክሏል። ቁልፉን ከእጇ ነጥቄ ከፈትሁት።

አንዲት አሮጊት ናቸው፤ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ። ቁልፋቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ታስሯል። ምንም አልደነገጡም። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ምን ትሠሪያለሽ ከቤቴ?»

«ቤቱስ የእኔ ነው እሜቴ።»

«ታዲያ ይቺን ማን ፈለጣት?» አሉና፣ ዓይናቸው እኔ ላይ እንዳለ፣ ጣታቸውን ከማጠፊያው አጠገብ ካለች ስንጥቅ ውስጥ አሳረፉ። እዚያ ስንጥቅ መኖሩን እኔ አላስተዋልሁም ነበር። «ታላቁ ልጄ ነው፣ በመጥረቢያ። ገርፌዋለሁ።»

ይህን ስንባባል ሴት ልጃቸው እየሮጠች ደረሰች። ይቅርታ እየጠየቀች ነገረችን። ሐይቁ ዳር የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ፣ ከእኛ በላይ ባለው መንገድ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እናቷ መርሳት ጀምረዋል። «ሲመሽ ቤቱን ልቆልፍ ብላ ትነሣለች። ድሮም ቤቱን የምትቆልፈው እሷ ነበረች። የት ሄዳ እንደምትቆልፍ ግን...» ብላ መዝጊያውን አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ይህንን እንዲያቆዩልን ለሚያፈርሱት ሰዎች ነግረናቸው ነበር። በማግሥቱ ስንመጣ ተጭኗል አሉን።»

የዚያን ጊዜ ቆቡ ታየኝ። ውኃ አመላላሿም፣ ግንበኛውም፣ ዘበኛውም ጠጠራችንን ጥለናል። የመዝጊያው ባለቤት ጠጠር አልነበራቸውም።

«ዛሬውኑ ነቅዬ ልስጥሽ» አልኋት።

«የት ልተክለው እማማ? የምንኖረው በሰው ክፍል ነው፤ በር አለው።»

ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ዘንድ ሄድሁ። «ከእንግዲህ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ» አልሁት።

«ፍርስራሽ ደግሞ ምን ባለቤት አለው እማማ?»

«ያለውማ ማታ ማታ እየመጣ በር ይቆልፍብኛል!»

አበደች ብሎ ይሆናል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። በዚያ ቀን ከሚፈርሰው ቤት በተነቀሉት በሮች ላይ ተቀመጥሁ፤ ባለቤቱ ሳይመጣ አልነሣም አልሁ። ስልክ ተደወለለት። ሰውየው መጣ፤ አንድ መስኮት ብቻ መርጦ በጋሪ አስጫነ፤ የቀረውን ተካፈሉት አለን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እኔ በሌለሁበት ቀን እንጃ።

ልጄ ስለ መርሳቴ ማንሣት ተወች። በሌላ መጣች። «ቁልፉን እናስቀይረው። ከተቀየረ ምንም አልልሽም፤ እዚሁ ኑሪ። ሰው በፈለገው ጊዜ ቁልፍ የሚከትበት ቤት ውስጥ ግን ትቼሽ አልሄድም።»

«ይቆልፋሉ እንጂ ከፍተው አያውቁም።»

«እማዬ!»

«ቀየርነው እንበል። ቁልፋቸው አልገባ ሲላቸው፣ በዚያ ጨለማ ደጅ ቆመው ምን ይሆናሉ?»

ወደ መዝጊያው አየች። ቁልፉም አልተቀየረ።

እሳቸው አሁንም ይመጣሉ፤ ልጃቸው ራቅ ብላ ትከተላቸዋለች። እኔ ግን አልለመድሁትም። ጉም በሚወርድበት ቀን እርምጃቸው አይሰማም፤ እጃቸው ብቻ እንጨቱ ላይ ይሰማል፤ ጠጉሬ ይቆማል። አንድ ማታ ደጅ ላይ አገኙኝና «ተከራይዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እሜቴ» አልሁ።

«እሳቱን ሳታጠፊ እንዳትተኚ።»

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እኔ ዘንድ ነበረች። መዝጊያው ተዳሰሰ፤ ቁልፉ ዞረ። ወዲያው ተነሥታ የእኛን ቁልፍ ከሚስማሩ አወረደች። እጇን ያዝሁት።

«ቆይ» አልኋት በሹክሹክታ። «ስንከፍተው እንዳይሰሙ። ይራቁ።»

ቁልፉን ጨብጣ አጠገቤ ቆመች። ነጠላ ጫማው ላይኛው መንገድ እስኪደርስ ድረስ፣ ተቆልፎብን፣ ጨለማው ውስጥ ቆየን።