የሐምሌ ባቡር

እናቴ ዛሬ ምሳ ላይ የሰርዲን ቆርቆሮ ከፈተች። ሽታው እንደመጣ የአጎቴ ባቡር ታወሰኝ።

አሰበ ተፈሪ ከተማ ልጅ ሳለሁ አጎቴ ከሰርዲን ቆርቆሮ የሠራት ትንሽ ባቡር ነበረችው። በሽቦ ሐዲድ ግቢያችን ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች የሚያሳያት በጥቅምት ብቻ ነው። "ጭቃው ደርቋል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም" ይላል።

አንድ ዓመት ግን በሐምሌ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው፣ ጓዳ አስገብቶ ሐዲዱን ለብቻዬ ዘረጋልኝ።

"ጋሼ፣ ጥቅምት ገባ እንዴ?"

"አንቺ ደግሞ ፖሊስ ነሽ? ዝም ብለሽ እዪ!"

ባቡሯን መግፋት ጀመረ። ከበሩ ወዲያ እናቴ፣ "ቶሎ በሉ! የሚኤሶው ባቡር ያመልጣታል። ትንሿ ካየቻት ደግሞ አትለቃትም" ስትል ሰማሁ። ማንን ነው የማልለቀው? ብድግ ስል አጎቴ ቀሚሴን ያዘ።

"አንድ ዙር ብቻ፣ የኔ ልጅ።"

ስወጣ የታላቅ እህቴ የአልማዝ አልጋ ባዶ ነበር። ድሬዳዋ ላለ ነጋዴ ተድራ ሄዳለች። ደህና ሁኚ እንኳ አልተባባልንም።

አሁን እኔም ያኔ አልማዝ የነበረችበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ፤ ሰርዲኑ ከፊቴ ተቀምጧል። በዓል አይደለም፣ ደመወዝም አልወጣም።

"ብዪ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ" ትለኛለች እናቴ።

"መጀመሪያ ማን ሊመጣ እንደሆነ ንገሪኝ" አልኳት።