ሻዊሹ «ዘራፍ» ያለ ጊዜ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው ስለ መሆኑ አሁንም እጠራጠራለሁ። አብረውኝ የሚማሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ስደት ሲጽፉ ስለ ውሃ ጥምና በመንገድ ስለ ቀሩ ሰዎች ይጽፋሉ። የእኔ ጽሑፍ ስለ ቀጭኔ ነው። ቢሆንም አባቴን በዚያ ሰሞን እንቅልፍ የነሳው ጉዳይ ከቀጭኔ ጋር ስለ ተያያዘ፣ እንደ ሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ስንኖር አባቴ ፋሽጋ እየወረደ በሰሊጥ እርሻ ይሠራ ነበር። ደርግ ለሚሊሺያ ሲመለምለው ከጎንደር አምልጦ የመጣ ሰው ነው። ፋሽጋ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ስለሆነ፣ መጥተው ይወስዱኛል እያለ ይሰጋል። የትራክተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል። ከዚያ የሚያወጣው ማንኛውም ሥራ ይበቃው ነበር።

የትምህርት ቤታችን መምህር ከጓደኞቹ ጋር የዱር አራዊት ለማየት ወደ ዲንደር ፓርክ ሊሄድ ሲነሳ፣ ሻዊሽ የሚሉት የጠባቂዎቹ ሃምሳ አለቃ ዘበኛ እንደሚፈልግ ነገረኝ። «አባትህን ይዘህ ና፤ አንተ ታስተረጉማለህ» አለኝ።

በመፋዛ በኩል በሎሪ ሄድን። አባቴ መንገዱን ሙሉ አላረፈም። «በዓረብኛ አንበሳ ምን ነበር ያልከኝ?»

«አሰድ።»

«ዝሆንስ?»

«ፊል።»

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቀኛል።

ሻዊሹ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «ነገ ከእንግዶቹ ጋር ይምጣ። እዚህ ሥራው ዝም ማለት ነው። ይህን ከቻለ ይቀጠራል።»

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ትቶት በሄደው ኩሬ ዳር፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጥን። አባቴ ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውራል። ጉንዳን ወደ አንገቱ ሲወጣ እያየሁ ነበር፤ እሱ ግን አልነካውም። ብዙ ከቆየን በኋላ ሻዊሹ ወደ እሱ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ዘራፍ» አለው።

አባቴ ብድግ አለ። «አካኪ ዘራፍ! እኔ የአባቴ ልጅ!» እያለ ዱላውን ወዘወዘ። ማዶ ግራር የሚቀነጥቡ ቀጭኔዎች አንገታቸውን እያወዛወዙ ሸሹ። የኩሬው ወፎች በሙሉ ተነሡ።

ሻዊሹ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

«እሱም ዘራፍ ነው ያለው፣ ጌታዬ።»

መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሻዊሹ ግን አልሳቀም።

አባቴ ገና እያለከለከ ነበር። «ፎከረብኝ እኮ። ዝም ልበለው?»

«አባዬ፣ ፉከራ አይደለም። በእነሱ ቋንቋ የእንስሳው ስም ነው።»

«የየትኛው እንስሳ?»

«የዚያ አንገተ ረጅሙ።»

«ቀጭኔ ነዋ! ታዲያ በጆሮዬ ምን ያንሾካሹካል?»

ሻዊሹ ውሳኔውን «ቡክራ» ብሎ ለነገ አሳደረው። አባቴ ካምፑን ሲዞር ዋለ። ሳይጠሩት ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ የተጠረገውን ግቢ መልሶ ጠረገ። እኔም ሻዊሹ ባለፈ ቁጥር ተነስቼ ሰላምታ እሰጥ ነበር።

በማግስቱ ጠራን። «እንግዶች አጠገብ አይሆንም። ግን ድምፅ አለው፤ አይፈራም። በሐበሻ ድንበር በኩል አዳኞች እየገቡ ያስቸግሩናል። እዚያ ላስቀምጠው።»

ተረጎምኩለት። አባቴ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ፤ ከዚያ ዱላውን አነሳ።

«እግዜር ይስጥልኝ በለው። እዚያ መቀመጥ ብችልማ ፋሽጋም ባልከፋኝ።»

እኔ ሻዊሹ እንዳይቀየም አባቴ ታሟል ልል ነበር፤ አባቴ ግን ክንዴን ያዘኝ። «ያልኩትን በለው» አለኝ። እንዳለው ለሻዊሹ ነገርኩት።

ስንመለስ ሎሪው መፋዛ ሲቆም አባቴ ወረደ። «አንተ ትምህርትህን ተማር። እኔ እዚህ በረሃድ ወንዝ ዳር ሥራ ልጠይቅ» አለኝ። ገዳሪፍ ብቻዬን ገባሁ። ከዚያ በኋላ ከመፋዛ ሎሪ በመጣ ቁጥር ገበያ እየወጣሁ ሾፌሮችን ስጠይቅ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንዱ ሾፌር፣ አባቴ በወንዙ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣበት የአትክልት ቦታ እንዳገኘና ማደሪያም እንደ ሰጡት ነገረኝ። ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ የካቲት 16 ቀን 1972 ዓ.ም.።