በቢሳሂን ባዲ ላይ የወደቀው ቁንዶ በርበሬ

ቢሳሂን ወደ ጣራዋ የምትወጣበት ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን አለው። በሙሽርነቷ ጊዜ የምስር ሊጥ በራሷ ላይ ተሸክማ እያዜመች ትወጣው ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ሰባተኛው ላይ ትቆማለች፣ አሥራ አራተኛው ላይ ትቆማለች፤ ላይ ስትደርስ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ ሲያፏጭ እኔ ከጎረቤት ጣራ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ሰፈራችን ራይፑር ከተማ ውስጥ፣ ከብረት ፋብሪካው አጥር ሥር ነው። ጠዋት የተጠረገ ወለል ጥቀርሻ ወርዶበት ምሳ ሳይደርስ የእግር ዳና ያወጣል። ማን እንደሚስል ሳናየው በሳሉ እንለየዋለን። ይህን ሁሉ ለምደነው ነበር። ቢሳሂን አልለምደውም ያለችው የባዲዋን መጥቆር ብቻ ነው።

ባዲ የምንሠራው ብርድ ሲገባ ነው። ተነክሮ ያደረ ምስር ይፈጫል፣ ነጭ ዱባ ተፍቆ ይገባበታል፣ አረፋ እስኪመስል በእጅ ይመታል። ከዚያ በጣት እየተቆነጠረ አሮጌ የሳሪ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። የደረቀው ዓመቱን ሙሉ ወጥ ውስጥ ይገባል። ከሰፈሩ ሁሉ የቢሳሂን ባዲ ይነጣል፤ አማቷን ማማት የማይሰለቻት ምራቷ እንኳ ባዲዋን አታማም።

ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣትና፣ ይህ ደረት ይህን አየር አይችለውም፣ ገጠር ያገባችው ሴት ልጅሽ ዘንድ ሂጂ አላት። አብሯት የሚኖረው ወንድ ልጇ ኬምላል ሻንጣ ገዛላት። እሷ ግን አርባ ዓመት የኖረችበትን ጣራ ትታ መሄድ አልሆነላትም። ባዲው ይድረቅና እሄዳለሁ እያለች ቀን ትገፋለች።

ፋብሪካው ጭሱን የሚያጣራ ማሽን አለው። መብራት ስለሚበላ ግን የሚያይ ከሌለ ያጠፉታል። እኛ ይህን ከባዲው እናውቃለን፤ ማሽኑ ከሠራ ነጭ ይደርቃል፣ ከጠፋ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ሄደን ስንናገር፣ የገዛ ምድጃችሁ ጭስ ነው ብለው ይመልሱናል።

በዚያ ሰሞን ከደቡቡ የኬረላ ክልል ለፋብሪካው አዲስ ኃላፊ መጣ፤ ስሙ ኡኒክሪሽናን ይባላል። የቤት ምግብ ናፍቆት ኖሮ የፋብሪካው ዘበኛ ከቢሳሂን ባዲ ወስዶ ሰጠው። በሳምንቱ ሰውዬው ራሱ መጣ። ጫማውን ደረጃው ሥር አውልቆ ጣራው ድረስ ወጣ።

«ዳኢ» አላት። እናት የምንልበትን ቃል ተምሮት ነበር። «እንዲህ ያለ ባዲ በልቼ አላውቅም። በተለይ ቁንዶ በርበሬው። የሚበቅለው እኛ አገር ነው፣ እንዲህ አድርገን መበተን ግን አናውቅበትም። ከየት ነው የምትገዢው?»

እኔ በሳሪዬ ጫፍ አፌን ያዝኩ።

«አልገዛውም» አለችው ቢሳሂን። «ያንተ ሰዎች ናቸው በነፃ የሚልኩልኝ።»

አልገባውም። እንደ ልጇ እጁን ያዘችና ጣቱን በጣራው ግንብ ላይ ጎትታ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ መልሳ አሳየችው። ጣቱን አየ፣ የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ አየ፣ ባዲውን አየ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ እንደበላው በቀስታ ነገረን።

«አይዞህ፣ እኔ አርባ ዓመት በልቼዋለሁ» አለችውና መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ግን ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ሰውዬው መሬት ተቀምጦ፣ መድኃኒቷን ስባ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ የውኃ ብርጭቆ ይዞላት ቆየ። ሲወርድ ስለ ቁንዶ በርበሬ አላነሳም።

በማግስቱ ባዲው ነጭ ሆኖ ዋለ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ባዲ ጣራ ላይ እስካለ ድረስ ማሽኑ እንዳይጠፋ ብሎ ማዘዙን ዘበኛው ነገረን።

«እንግዲያው ባዲ የማይሰጣበት ቀን አይኖርም» አለች ቢሳሂን።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቤት ተራ ገባን። ያለቀለትን ደረቅ ባዲ በየጠዋቱ አውጥተን እንዘረጋለን። በብርዱ መጨረሻ የሚከበረው የሆሊ በዓል አለፈ፣ ሙቀቱ ገባ፤ ጤነኛ ሰው ባዲ ማስጣት በማያስብበት ወር እኛ ጣራ ለጣራ ነጭ በነጭ ነን። ኡኒክሪሽናን በሥር ሲያልፍ ቀና ይላል።

«እስካሁን አልደረቀም እንዴ ዳኢ?»

«ቁንዶ በርበሬ አጥቶ ነው እምቢ ያለው።»

ራሱን ነቅንቆ፣ ፈገግታውን ወደ ፋብሪካው ይዞ ይገባል።

ሐኪሙ ደረቷን ሁለቴ አዳመጠ። ፉጨቱ ጨርሶ ባይጠፋም ቀንሷል፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ቆዪ፣ ማሽኑ የጠፋ ቀን ግን ያን ዕለት ትሄጃለሽ አላት። የኬምላል ሻንጣ አሁን የባዲ ማስቀመጫ ሆኗል።

ትናንት ደረጃውን ስትወጣ ከጣራዬ ሆኜ አየኋት። ሰባተኛውን አለፈችው፣ አሥራ አራተኛው ላይ ግን ቆመች። ደንግጬ ትንፋሽ አጠረሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ዝም በይ እስቲ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምራቴ ስልክ እያወራች ነው፤ ከዚህ እርከን ነው ጥርት ብሎ የሚሰማው።»